ሰባተኛው ገጽ

ጃይ ላንቺን ዛሬ የአርባ ሦስት ዓመት ሴት ናት። ከወረዳችን ዋና ከተማ በአውቶቡስ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቃ በምትገኝ አነስተኛ የገበያ ከተማ እንግሊዝኛ ታስተምራለች። ሽልማት አልተቀበለችም፤ ስሟ በጋዜጣ አልወጣም፤ በትምህርት ቤቷ መግቢያ ላይ ፎቶግራፋቸው ከተሰቀለላቸው ምስጉን መምህራን መካከልም የለችም። ስለ እርሷ የምጽፈው በሠላሳ ስምንት ዓመት የማስተማር ዘመኔ ካየኋቸው ተማሪዎች ሁሉ የላቀች ስለነበረች አይደለም። የበደልኳት ተማሪ ስለሆነች ነው። ሌሎችንም በድዬ ይሆናል፤ በእርሷ ላይ የፈጸምኩትን ግን ቀኑን ጠቅሼ መናገር እችላለሁ።

በእኛ ቢጫ አፈር ኮረብቶች ላይ ዝናብ ሲፈልግ ይመጣል፣ ሳይፈልግ ይቀራል። ድንች ከመቆፈር የሚያወጣው በር አንድ ብቻ ነበር፤ እርሱም በዚያን ጊዜ በሐምሌ መባቻ ለሦስት ቀን ይሰጥ የነበረው የዩኒቨርሲቲ መግቢያ ፈተና ነው። ልጆቻችን ሒሳቡን በጥረት ይወጡታል፤ ድርሰቱን በቃላቸው ያጠኑታል። የሚጥላቸው እንግሊዝኛ ነበር። አፉን በቋንቋው ከፈታ ሰው አንዲት ቃል እንኳ ሰምተው አያውቁም፤ እኔም ብሆን የተማርኩት ከመጽሐፍና ከሚንሿሿ ሬዲዮ ነው። ስለዚህ የማስተምረው ካብ እንደሚክብ ሰው ነበር፤ ድንጋይ በድንጋይ ላይ። ማለዳ ተማሪው ሁሉ ግቢ ይወጣል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል፤ የጎረቤቱ ድምፅ እንዳይረብሸው ጆሮውን በጣቱ ደፍኖ ቃላቱን እየጮኸ ይሸመድዳል። ከቁርስ በኋላ ሰዋስው፣ ከሰዓት በኋላ ትርጉም። በትርጉም ክፍለ ጊዜ አንድ ሕግ ብቻ ነበረኝ፤ ከጥቁር ሰሌዳው አናት ላይ ጽፌ ለዓመታት ሳላጠፋው ኖሬአለሁ፦ «ያለውን ብቻ። አትጨምር፤ አትቀንስ።» ዓረፍተ ነገሩን ላሳምር ብሎ በዋናው ያልነበረ ነገር ያስገባ ተማሪ ሙሉውን ነጥብ ያጣ ነበር። ጨካኝ ይሉኝ ነበር። አልተቀየምኩም፤ ቃሉ ትክክል ነበርና።

ላንቺን ወደ እኔ ክፍል ስትመጣ የአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ነበረች። እናቷ የሞተችው እርሷ አራት ዓመት ሲሆናት ነው። አባቷ ጃይ ማንጻንግ በሩቅ ምዕራብ በግንባታ ሥራ ላይ ስለነበር ቤቱን የሚያየው ለአዲስ ዓመት ብቻ ነው። ያሳደጓት የአባቷ አባት፣ አዛውንቱ ጃይ ሾውዴ፣ ናቸው። እሑድ ማታ ከመንደሯ ስትመለስ በአንድ ከረጢት የሳምንቱን ዳቦ፣ በአንድ ጠርሙስ በዘይት የታሸ በርበሬ ይዛ ትመጣለች። በእንፋሎት የበሰለው ዳቦ እስከ ሐሙስ ደርቆ ድንጋይ ይሆናል፤ በሙቅ ውኃ እየነከረች ትበላለች። የመጨረሻው ዓመት ሲገባ ደግሞ ቅዳሜና እሑድም ትምህርት ስለሆነ ወደ ቤት መሄዷ ቀረ። አያቷ ዳቦውን በአውቶቡስ መላክ ጀመሩ።

ከዳቦው ጋር የሚመጣው ግን ሌላ ነገር ነበር።

አዛውንቱ በየቀኑ አንድ ገጽ የሚገነጠልለት ወፍራም ካላንደር ግድግዳቸው ላይ ነበራቸው። በእያንዳንዱ ገጽ ፊት ቀኑ፣ ያ ቀን ለምን እንደሚመችና ለምን እንደማይመች ታትሞበታል፤ ጀርባው ባዶ ነው። እርሳቸው በወጣትነታቸው የመንደሩ ማኅበር ሱቅ ጸሐፊ ስለነበሩ ብሩሽ አጨባበጥ ያውቃሉ። ላንቺን የመማሪያ መጽሐፉን ቃላት የቻይንኛ ፍች በሙሉ ገልብጣ ትታላቸው ነበር። ማለዳ የትናንቱን ገጽ ይገነጥላሉ፤ ቀለሙን ለቁጠባ በውኃ ያቀጥናሉ፤ ከዝርዝሩ ዐሥር ቃላት መርጠው በገጹ ጀርባ ላይ ይጽፋሉ። ቅዳሜ ሲደርስ የሳምንቱን ሰባት ገጾች በፖስታ አሽገው ለአውቶቡሱ ሾፌር ለፋን ይሰጣሉ። እርሷ ከእያንዳንዱ ቃል ጎን እንግሊዝኛውን ጽፋ በሚቀጥለው ቅዳሜ በዚያው በፋን እጅ ትመልሳለች። አዛውንቱ እንግሊዝኛ አያውቁም። ቢሆንም የተመለሰውን ሁሉ በብስኩት ቆርቆሮ ውስጥ በቀን በቀኑ ደርድረው ያስቀምጡ ነበር።

የክፍል ጓደኞቿ «ካላንደር» ብለው ስም አወጡላት። አጠገቧ የምትቀመጠው ሲዩዩን ምላሷ የማያርፍ ልጅ ነበረች።

«አንቺ ካላንደር፣ ዛሬ ለምን ይመቻል ይላል?»

«ፀጉር ለመቆረጥ።»

«ለእንግሊዝኛ ፈተናስ?»

«ላንቺ አይመችም ይላል።»

«እስቲ አሳዪኝ! የት ነው የሚለው? ውሸታም!»

አዛውንቱ አንድ ጊዜ ብቻ ትምህርት ቤት መጥተው ነበር፤ በመጨረሻው ዓመት ኅዳር ወር ላይ። ጥቁር የጥጥ ኮት ለብሰው፣ የብስኩቱን ቆርቆሮ በጨርቅ ጠቅልለው፣ የመምህራን ክፍል በር ላይ ቆሙ።

«መምህር ይን እርስዎ ነዎት?»

«እኔ ነኝ። ይግቡ።»

ገቡ፤ አልተቀመጡም። ቆርቆሮውን ከፍተው ሁለት ገጽ አወጡ፤ በሁለቱም ላይ በቀይ የተከበበ ነገር ነበር። «ይመልከቱልኝ እባክዎ። ይቺ ቃል 'አስፈላጊ' ናት። መስከረም ላይ ይህን መሃሏ ላይ ያለውን ነገር አንድ ጊዜ ነው የጻፈችው። አሁን ሁለት ጊዜ ጽፋዋለች። ልጅቷ ናት የምታታልለኝ ወይስ ቃሉ ራሱ እያረጀ ይሄዳል?»

አየሁት። የኅዳሩ ስሕተት ነበር።

«ልጅቷ ናት የተሳሳተችው» አልኳቸው።

«እንዲያ በሉኝ!» አሉና ጭናቸውን መቱ። «'አባባ፣ አንተ ምን ታውቃለህ' ብላ ልትስቅብኝ ነበር። እኔ እንግሊዝኛውን ማንበብ አልችልም እንጂ መልክ እለያለሁ። በሬ የማረባ ሰው ነኝ፤ ትናንት ያየሁትን በሬ ዛሬ ቀንዱ ቢጣመም አላውቅም?»

ከዚያም ገጾቹን ወደ ቆርቆሮው እየመለሱ «በዓመት አንድ ቀን ብቻ ነው የማልጽፍላት» አሉ። «ሌላውን ብታመምም እጽፋለሁ።»

የትኛው ቀን እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም። ደወሉ ተደውሎ ነበር፤ ክፍል እንዳልዘገይ ቸኮልኩ። ተማሪ ፊት አንድ ደቂቃ ዘግይቼ ስለማላውቅ የምኮራ ሰው ነበርኩ።

በመጋቢት አጋማሽ ማንጻንግ ከሥራ ቦታው በድንገት ተጠርቶ ወደ መንደሩ ተመለሰ። ይህን ያወቅሁት ኋላ ነው። መጋቢት ሃያ አንድ፣ ሐሙስ ከሰዓት፣ ደብተር እያረምኩ ሳለሁ አንድ ፊቱ በፀሐይ የጠቆረ ሰው በሩን ገፋ አድርጎ ቆመ። ኮቱ ክንድ ላይ የነጭ ክር ቁራጭ ተንጠልጥሎ ነበር፤ ክንዱ ላይ የታሰረውን ነጭ የሐዘን ጨርቅ ግቢው በር ሲደርስ ቀዶ እንዳነሣው ገባኝ።

«የላንቺን አባት ነኝ» አለ። «አባቴ ማክሰኞ ዐረፈ።»

ተነሣሁ። ወንበር ሰጠሁት፤ እንደ አባቱ አልተቀመጠም።

«እርሷ አታውቅም» አለ። «እንድታውቅም አንፈልግም። ነገ ጠዋት እንቀብራለን።»

«የማን ውሳኔ ነው?»

«የራሱ። ነፍሱ ሳትወጣ 'ብዕሯን እስክታስቀምጥ እንዳትነግሯት' አለ።»

እንዲህ ያለው ነገር በእኛ ዘንድ እንግዳ አልነበረም። የፈተና ዓመት ላይ ያለ ልጅ ከቤቱ ሰው ቢሞትበት አይነገረውም፤ መንደሩ ሁሉ አፉን ይዘጋል፤ ልጁ ስልክ ቢደውል «ገበያ ወጥቷል» ይባላል። ደግ ቤተሰብ የሚያደርገው ይህንን ነው። እኔም በዚያ ክፍል ውስጥ እናታቸው መሞቷን ሳያውቁ ፊቴ የተቀመጡ ልጆች አስተምሬአለሁ፤ ድምፄን ሳልለውጥ።

«ታዲያ ከእኔ ምን ትፈልጋለህ?» አልኩት።

ከፌስታል ውስጥ ካላንደሩን አወጣ፤ የተሰቀለበት ገመድ ሳይፈታ። ከላዩ ላይ አራት የተገነጠሉ ገጾች ነበሩ፤ የቅዳሜ፣ የእሑድና የሰኞ የተጻፈባቸው፤ አራተኛው፣ የማክሰኞው፣ ባዶ። «ሦስቱን ተኝቶ ጻፋቸው። ቅዳሜ ሰባቱ ካልደረሱ ትጠረጥራለች። እኔ ልጽፍ ሞከርኩ፤ ዶሮ የጫረው ይመስላል። እርስዎ ደግሞ ብሩሽ ላይ አንደኛ ነዎት አሉኝ።»

«እኔ የሰው የእጅ ጽሕፈት አልሠርቅም።»

«መምህር» አለ። «ፈተናው መቶ ቀን ነው የቀረው። እኔ እኮ አላሳደግኳትም። እርሱ ነው ያሳደጋት። የእርሱን ድካም አሁን ላፍርሰው?»

ገጾቹን ተቀብዬ ወደ መስኮቱ አስጠጋኋቸው። የአዛውንቱ ጽሕፈት የመጀመሪያውን ምት አጥብቆ ይመታል፤ ወደ መጨረሻው እየሳሳ ይሄዳል። እርሱን መምሰል ከበደኝ ብል ሐሰት ነው። በጽሕፈቴ እመካ ነበር፤ ሳስመስለውም ደስ አለኝ። ቀለሙን እንኳ ከፔርሙዝ ባፈሰስኩት ውኃ አቀጠንኩት። ዐሥር ቃል መረጥኩ፤ ለፈተናው ይጠቅማሉ ያልኳቸውን።

ከዚያች ቀን ጀምሮ በየሳምንቱ ዐርብ ሰባት ገጽ እጽፋለሁ፤ ፋን ቅዳሜ ከመንደር የመጣ አስመስሎ ለዘበኛው ይሰጣል። እርሷም የመለሰችውን ፋን ወደ መንደር ይወስዳል፤ ማንጻንግ ሳይከፍት ቆርቆሮው ውስጥ ይጨምረዋል። የእንግሊዝኛ መምህሯ እኔ ሆኜ ሳለሁ የመለሰችውን አምጡልኝ፣ ልየው ብዬ አንድ ቀን አልጠየቅኩም። የጻፍኩት የአዛውንቱን እጅ በደንብ መስሏል ወይ የሚለው ብቻ ነበር የሚያሳስበኝ።

ላንቺን አልተለወጠችም። በትክክል ልናገር፦ መለወጧን አላየሁም። ሲዩዩን «ካላንደር፣ ዛሬ ለምን ይመቻል?» ስትላት ገጹን ማሳየት ትታ «አላየሁትም» ማለት ጀመረች። እኔ ይህን ለጥናት መትጋት ብዬ ተረጎምኩት። ማለዳ ከሁሉ ቀድማ ግቢ ትወጣለች፤ ፊቷን ወደ ግድግዳ ታዞራለች። ጀርባዋን እንጂ ፊቷን የሚያይ አልነበረም።

አንድ ቀን ግንቦት ላይ፣ በትርጉም ክፍለ ጊዜ፣ ከመልመጃ መጽሐፉ ተራ በተራ ዓረፍተ ነገር እያነበብኩ ሰሌዳ ላይ አስተረጉም ነበር። ለእርሷ የደረሰው እንዲህ ይላል፦ «ልጁ ቤት ሲደርስ አያቱ ቀድሞ ሄዶ ነበር።» አንብቤ ከጨረስኩ በኋላ ነው ምን እንዳነበብኩ የገባኝ። ልመልሰው አልቻልኩም። ጠመኔውን አነሣች። ያለ አንዳች ስሕተት፣ ያለ ስርዝ ድልዝ ጻፈችው። ከዚያ ዞር ብላ ቀጥ አድርጋ አየችኝ።

«ትክክል ነው፣ መምህር?»

«ትክክል ነው» አልኩ።

«የጨመርኩት ነገር የለም?»

«የለም። ተቀመጪ።»

የፈተናው ሳምንት ገባ። ከፈተናው ሦስት ቀን ሲቀር ትምህርት ቆመ፤ ተማሪው ከግቢ ሳይወጣ እንዲያርፍ ታዘዘ። ያን ዕለት ከምሳ በኋላ ላንቺን ወደ መምህራን ክፍል መጣች። የታጠበ ነጭ ሸሚዝ ለብሳ ነበር።

«መምህር፣ ነገ ወደ ቤት ልሂድ። ጠዋት ሄጄ ማታ እመለሳለሁ።»

«ለምን?»

«አያቴን ላይ።»

የያዝኩትን ብዕር አስቀመጥኩ። «መንገዱ አቧራ ነው። አውቶቡሱ ቢበላሽስ? ብትታመሚስ? ሦስት ዓመት የለፋሽበትን በአንድ ቀን ልታጪው ነው?»

«አልታመምም።»

«አይሆንም። ፈተናውን ጨርሺ፤ ታዪዋለሽ።»

በዝግታ፣ መልሱን ከእኔ ብቻ እንደምትቀበል ሰው፣ ጠየቀችኝ፦ «ፈተናውን ስጨርስ አየዋለሁ፣ መምህር?»

«ታዪዋለሽ» አልኳት።

ጎንበስ ብላ እጅ ነሣችና ወጣች። ሰኔ ሃያ ሰባት ቀን ነበር። ቀኑን እጠቅሳለሁ ብዬ የነበረው ይህ ነው።

የመጨረሻው ወረቀት እንግሊዝኛ ነበር። ደወሉ ሲደወል ማንጻንግ ከሌሎቹ ተማሪዎች ወላጆች ተለይቶ ዛፍ ሥር ቆሞ ነበር፤ እኔም አጠገቡ። ላንቺን ወጣች። የያዘችውን ብዕር ከድና ኪሷ ውስጥ ከተተች።

«ልጄ» አለ አባቷ። ከዚያ በላይ መሄድ አቃተው። እጁን ኮቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ያቺን ነጭ ጨርቅ ይጨብጣል።

«አውቃለሁ፣ አባዬ» አለችው።

«ምኑን?»

«አውቃለሁ። ጨርቁን አምጣው።»

አወጣላት። ራሷ ክንዷ ላይ አሰረችው፤ በአንድ እጇና በጥርሷ።

«ከመቼ ጀምሮ?» አለ ማንጻንግ። «ማን ነገረሽ? ፋን ነው?»

«ማንም አልነገረኝም። መቃብር ከሚጠረግበት ቀን ጀምሮ አውቃለሁ።» ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። በድምፅዋ ውስጥ ቁጣ ፈለግሁ፤ አላገኘሁም። «መምህር፣ ጽሕፈትዎ በጣም ያምራል። ከአባባ ይሻላል።»

እጆቼን ወደ ኋላዬ አደረግኩ።

«ነገ ወደ መቃብሩ እንወጣለን» አለች። «እርስዎም ይምጡ። የምፈልግዎት ሥራ አለ። አባባ እንግሊዝኛ አይችልም።»

በማግስቱ ጠዋት በፋን አውቶቡስ ወጣን። ፋን ከማንም ገንዘብ አልተቀበለም። መቃብሩ ከመንደሩ በላይ፣ በእርከኑ ጫፍ ላይ ነው፤ አፈሩ ገና አልረጋም። ማንጻንግ ለሟች የሚቃጠለውን ቢጫ ወረቀት አቃጠለ፤ የተቀቀለ እንቁላልና ዳቦ አስቀመጠ፤ ግንባሩን መሬት አስነካ። ላንቺንም ከእርሱ ቀጥላ ሦስት ጊዜ ሰገደች። ከዚያ የብስኩቱን ቆርቆሮ ከፍታ አንድ ዳጎስ ያለ የገጾች ክምር አወጣችና በሁለት እጇ ሰጠችኝ።

«ከላይኛው ይጀምሩ» አለች። «በቻይንኛ ያንብቡለት።»

የላይኛው ገጽ መጋቢት ሃያ ስድስት ነበር፤ በየዓመቱ ቤተሰብ ሁሉ የሙታኑን መቃብር የሚጠርግበት ቀን። በእኔ እጅ የተጻፉ ዐሥር ቃላት፤ ከጎናቸው በእርሷ እጅ ዐሥር የእንግሊዝኛ ቃላት፤ ሁሉም ትክክል። ከሥራቸው ግን በደቃቅ ፊደል አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር። እንዲህ ይላል፦ «አባባ፣ በዚህ ሳምንት ሰባት ገጽ መጣልኝ። አንተ በዚህ ሳምንት ስድስት ነበር የምትልከው።»

አዛውንቱ በዚያች ዕለት ብሩሽ አይነኩም ነበር። የዚያን ቀን ገጽ ሳይጽፉበት ይዘውት ይወጣሉ፤ በሚስታቸው መቃብር ላይ ከቢጫው ወረቀት ጋር አፈር ጭነውበት ይመለሳሉ። ማንጻንግ ይህን አያውቅም፤ ለሥራ ከወጣ ወዲህ በዚያ ወቅት ቤቱ ኖሮ አያውቅም። እኔ ግን ተነግሮኝ ነበር። የትኛው ቀን እንደሆነ ብቻ አልጠየቅኩም።

ገጾቹ ሰማንያ ስምንት ነበሩ። በእያንዳንዳቸው ላይ፣ ከዐሥሩ ቃላት ሥር፣ አንድ ወይም ሁለት መስመር። አባቷ ቢከፍተው ሊያነበው በማይችለው ቋንቋ፣ ሊያነበው የሚችለው ብቸኛ ሰው ደግሞ ከቶ ለማየት ባልፈለገው ቦታ። እያንዳንዱን በቻይንኛ መልሼ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ ለአፈሩ አነበብኩ።

«አባባ፣ ያለፈውን ሳምንት ገጾች ከመመለሴ በፊት አስተያየሁ። ሰኞ ያንተ እጅ ነው። ማክሰኞ የሌላ ሰው ነው። እንግዲህ ማክሰኞ ነበር።»

«አባባ፣ የሚጽፍልኝ ሰው ጎበዝ ነው። ቀለሙን እንኳ በውኃ አቅጥኖታል።»

«አባባ፣ ማወቄን አባዬ ካወቀ ድካሙ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ስለዚህ አላወቅሁም።»

«አባባ፣ ዛሬ በድንች የተሠራ ኑድል ነበር። በላሁ።»

«አባባ፣ ዛሬ ሰሌዳ ላይ ስለ አንተ ጻፍኩ። አላለቀስኩም።»

«አባባ፣ ቆጠርኩት። መቶኛው ቀንህ ፈተናው ሊጀመር ሁለት ቀን ሲቀረው ነው። እመጣለሁ።»

በመቶኛው ቀን የሟች ልጆችና የልጅ ልጆች መቃብሩ ላይ መገኘት አለባቸው። በቀብሩ አልነበረችም። በሰባት በሰባቱ ቀን የሚቃጠለው ወረቀት ሁሉ ያለ እርሷ ተቃጥሏል። የቀራት መቶኛው ቀን ብቻ ነበር፤ ያን ቀን የጠየቀችው ደግሞ እኔን ነው።

ክምሩን እያነበብኩ ወደ ታች ስወርድ አንድ ገጽ ላይ ዐይኔ ቆመ። ሳላነበው ማለፍ እችል ነበር። ከእኔ በቀር የሚያውቅበት እርሷ ብቻ ናት፤ እርሷም ራቅ ብላ መሬት እያየች ቆማለች። ነገር ግን ከሰሌዳዬ አናት ላይ የጻፍኩትን ሕግ ይዤ ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ልጆች ሳስገርፍበት... አይ፣ ገርፌ አላውቅም፤ ነጥብ ሳሳጣበት ኖሬአለሁ። አነበብኩት።

«አባባ፣ ስትሄድ ስለ እኔ ጠይቀህ ነበር?»

ማንጻንግ እንደ ቆመ ወደ ፊት ተደፋ፤ ክርኑ አፈሩ ውስጥ ገባ።

«ስለ አንቺ ጠይቋል» አለ። «ሦስት ጊዜ። 'ላንቺን መጣች?' አለ። 'መንገድ ላይ ናት' አልኩት። ደግሞ ጠየቀ፤ 'አውቶቡሱ ዘግይቶ ነው' አልኩት። ሦስተኛ ጊዜ... በሩን እንድከፍተው አዘዘኝ። ብርድ ነው፣ አባቴ፣ አልኩት። 'ክፈተው' አለ።»

«ብዕሯን እስክታስቀምጥ አትንገሯት ያለውስ?» አልኩ።

«እኔ ነኝ ያልኩት» አለ ወደ አፈሩ። «እርሱ አላለም። እርሱ ያለው 'ክፈተው' ነው።»

ላንቺን ወደ አባቷ አልሄደችም፤ ከእርሱም አልሸሸችም። ገጾቹን ሁሉ ከእጄ ወሰደች፤ አላቃጠለቻቸውም። የመጋቢት ሃያ ስድስቷን አንዷን ገጽ ብቻ ለይታ መቃብሩ ላይ አኖረችና አንድ ጓል አፈር ጫነችባት። በሰማንያ ስምንቱ ገጽ ውስጥ ሁለት የሰዋስው ስሕተት አይቼ ነበር። እስከ ዛሬ አላረምኳቸውም።

ፈተናውን አለፈች። በእንግሊዝኛ ያመጣችው ነጥብ በወረዳው ከፍተኛው ነበር፤ ርእሰ መምህሩ ስሟን በቀይ ወረቀት አጽፎ በር ላይ ለጠፈ። መምህራን ኮሌጅ ገባች፤ ተመረቀች፤ አገባች፤ ዪሩይ የምትባል ሴት ልጅ ወለደች። በየአዲሱ ዓመት ወደ አባቷ ቤት ትሄዳለች፤ ኮት ትገዛለታለች፤ መድኃኒቱን ታመጣለታለች። ሲደውልላት «እሺ፣ አባዬ» ትለዋለች። ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ በመካከላቸው ያለፈው ቃል ከዚያ ብዙም አይበልጥም ነበር። ማንጻንግ ከተማ ሲመጣ እኔ ቤት ጎራ ይላል፤ ሻይ እንጠጣለን፤ ስለ ድንች ዋጋ እናወራለን። ሁለታችንም ሌላ ወሬ አናነሣም።

ባለፈው ግንቦት ላንቺን በሬን አንኳኳች። አጠገቧ ዪሩይ ቆማለች፤ የትምህርት ቤት ልብሷን እንደለበሰች፣ ቦርሳዋ በመጻሕፍት ተወጥሮ። የልጅቷ ፈተና በዚያው ዓመት እንደሆነ አውቃለሁ፤ አሁን ደግሞ በግንቦት መጨረሻ ነው የሚሰጠው።

«አባዬ ታሟል፣ መምህር» አለች። «ሐኪሞቹ ወደ ቤት መልሰውታል። እየወጣን ነው። አብረውን ይሄዱ እንደሆነ ልጠይቅ ብዬ ነው።»

እንደ ልማዴ አፌ ቀደመኝ። «ፈተናው እኮ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው።»

«ዐሥራ ሦስት ቀን» አለች። «ቆጥሬዋለሁ።»

ኮቴን ለበስኩ።

ማንጻንግ ከበሩ ትይዩ ባለው በሚሞቀው የጭቃ መደብ ላይ ተኝቶ ነበር፤ አባቱ በተኛበት። ላንቺን እንደገባች መጀመሪያ ያደረገችው በሩን ወለል አድርጋ መክፈት ነው። ከዚያ ልጇን ወደ ፊት ገፋ አደረገቻት። ሕመምተኛው ልጅቷን፣ ልብሷን፣ ቦርሳዋን አየ።

«ይቺ... ፈተና የለባትም እንዴ?»

«አለባት።»

«ታዲያ እዚህ ምን ትሠራለች? መልሻት!»

«አትመለስም።»

«እኔ አልጠራኋትም። እኔ ጠይቄአለሁ? አልጠየቅኩም እኮ!»

«አልጠየቅህም፣ አባዬ» አለች ላንቺን፤ ከጎኑ ተቀምጣ ብርድ ልብሱን እያስተካከለች። «ሳትጠይቅ ነው የመጣችው።»

ማንጻንግ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዞረ። ዪሩይ ግራ ገብቷት ወደ እናቷ አየች፤ ከዚያ ከኪሷ የቃላት ደብተሯን አውጥታ አልጋው ላይ አኖረች፤ በእጁ አጠገብ። «አባባ፣ ቻይንኛውን አንተ ታነብልኛለህ፤ እኔ እንግሊዝኛውን እነግርሃለሁ» አለችው። ቆየት ብሎ ዞረ። ዐይኑ አልታየው ስላለ ደብተሩን ከፊቱ እያራቀ እያቀረበ አነበበ። ልጅቷ መለሰች። ትክክል ይሁን አይሁን ለማወቅ ደግሞ እኔን አየኝ።

«ትክክል ነው» አልኩት። ትክክል ነበር።

በአራተኛው ቀን ማለዳ ዐረፈ። ዪሩይ ቀብሩን ቆማ አየች፤ በሰባተኛው ቀንም ወረቀቱን አቃጠለች። ወደ ትምህርት ቤት ስትመለስ የቀራት ከሳምንት በታች ነበር። ውጤቷ ሲወጣ ነጥቧ ከመቁረጫው በአራት አነሰ፤ አራቱም የጠፉት በእንግሊዝኛ የትርጉምና የድርሰት ክፍል ነው። አሁን ዓመቱን እየደገመች ነው።

ውጤቱ በወጣ ሰሞን ላንቺንን መንገድ ላይ አገኘኋት። አራት ነጥብ፣ አልኳት። እነዚያ ዐሥር ቀናት ባይባክኑ ኖሮ እንደምታልፍ ማንም መምህር ያውቃል፤ እርሷም መምህር ናት። የያዘችውን የጎመን ዘንቢል ከአንዱ እጇ ወደ ሌላው አዛወረች።

«አይታዋለች፣ መምህር» አለችኝ።